እዚህ ላይ ወርጃለሁ

«ብርቱካን እየላጡ ይሰጧት የነበሩት እርስዎ ነዎት፣ አይደል?» አለችው ሴትዮዋ እጁን እንደያዘች።

ሐዘንተኛው ሚስቱን ከቀበረ ሦስተኛ ቀኑ ነው። በእነዚህ ሦስት ቀናት «እግዜር ያጥናህ» ለሚለው «አሜን»፣ «ምን ነካት?» ለሚለው ደግሞ «ልቧ ነው፣ ድንገት ነው» ማለት ለምዷል። ለብርቱካን ግን የተዘጋጀ መልስ አልነበረውም። በዕድሜው ለማንም ብርቱካን ልጦ ሰጥቶ አያውቅም፤ የራሱንም ቢሆን ሚስቱ ነበረች የምትልጥለት።

ሴትዮዋ ጡረታ የወጣች ነርስ ናት። ከኋላዋ አራት ሽበታሞች ቆመዋል፤ ሁሉም ከከተማው ሌላ ጫፍ ሁለት ታክሲ ቀይረው ነው የመጡት። ሚስቱ ቅዳሜ ቅዳሜ የምትሄድበት የጡረተኞች የንባብ ክበብ አባላት ናቸው። እሱ ክበቡን በወሬ ያውቀዋል እንጂ ሰዎቹን ዛሬ ገና ማየቱ ነው። እነሱ ግን እንደ ቆየ ወዳጅ ነበር የሚያዩት። አንደኛው፣ ጂኦግራፊ ሲያስተምር የኖረ ረጅም ሽማግሌ፣ ትከሻውን ነካ አድርጎ «ለዚያ ሾፌር ልክ ልኩን መንገርዎ አንጀቴን ነው ያራሰው» አለ።

የትኛው ሾፌር ሊል ነበር። ከአፉ የወጣው ግን «ቁጭ በሉ» የሚል ነው።

ተቀመጡ። ሳሎኑ ውስጥ ከየጎረቤቱ የተሰበሰቡ ወንበሮች ግድግዳውን ተከትለው ተደርድረዋል፤ አንዱ ካንዱ አይመሳሰልም። የሚስቱ ታናሽ እህት ከሁለት ፔርሙስ ቡናና ሻይ እየቀዳች ታዞራለች። እንግዶቹ ስኒያቸውን ተቀብለው ዝም ማለት ሲገባቸው፣ ነርሷ ድምጿን ዝቅ አድርጋ የጀመረችውን ቀጠለች። ሟቿ የምትጽፈውን የጉዞ ማስታወሻ በየሳምንቱ ታነብላቸው እንደነበር፣ ከሁሉም በላይ የወደዱት ባልየውን እንደሆነ፣ የተጣበቀውን መስኮት በጫማው ተረከዝ መትቶ ሲከፍትላት ክበቡ በሙሉ እንዳጨበጨበ ነገረችው። ነርሷም ባሏ ከሞተ አሥራ ሁለት ዓመት ሆኗታል። ቅዳሜ ማታ ወደ ባዶ ቤቷ ስትገባ፣ እንዲህ ያለም ሰው አለ ለካ እያለች ትጽናና ነበር።

«ባሕሩ ጋ ሳትደርስ ማንበቡን ብታቆምብንም፣ አብራችሁ ማየታችሁ ደግ ሆነ» አለችው። «ይሄ ለእርስዎ ትልቅ ስንቅ ነው።»

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል። ሰውየው ስለ ራሱ ይህን ሁሉ ሲሰማ፣ ስለ ሌላ ደግ ሰው የሚነገረውን እንደሚሰማ አንገቱን ነቀነቀ። ያን ባሕር በፎቶግራፍ ካልሆነ አይቶት አያውቅም። የሚስቱ እህት ፔርሙሱን እንደያዘች በሩ ላይ ቆማ ቀርታለች። እሷ እውነቱን ታውቃለች። ቀና ብሎ አያት፤ ፊቷን አዞረች።

በሥራ ቦታው «ቀዩ» ነው የሚሉት። መልኩ ከሰል የመሰለ ጥቁር ነው፤ ስሙን ያወጣለት እስክሪብቶው ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት በአንድ ማተሚያ ቤት አራሚ ሆኖ ሲሠራ ከቀይ ቀለም ሌላ ይዞ አያውቅም። ከመማሪያ መጽሐፍ እስከ መጥሪያ ካርድ በእሱ እጅ ሳያልፍ ማሽን ላይ የሚወጣ ወረቀት የለም። አራሚ የማይሆነውን ቃል በቀጭን መስመር ይሰርዛል። ሰርዞ ከተጸጸተ ከተሰረዘው ሥር ነጥብ በነጥብ ይደረድራል፤ መሰረዜ ስህተት ነው፣ ቃሉ ይመለስ ማለት ነው። ቀዩ ግን ነጥብ የሚባል ነገር አያውቅም፤ ካፈርኩ አይመልሰኝ ባይ ነበር። የሚተይቡት ሴቶች የቀዩ ስርዝ ይግባኝ የለውም እያሉ ይስቁበታል።

ሌላም አመል አለው፣ ከሙያው የመጣ። ጥሩ አራሚ ፊደል ያነባል እንጂ ነገር አያነብም፤ ነገሩ ውስጥ የገባ እንደሆነ ፊደሉ ያመልጠዋል። አንድ ጊዜ ወፍራም የፍቅር ልቦለድ አርሞ ሲጨርስ ምን ይላል ብለው ጠየቁት። «ሁለት መቶ አሥራ አራት ስህተት አለበት» ብሎ መለሰ። ይህ ቀልድ በማተሚያ ቤቱ እስከ ዛሬ ይወራል፤ እሱ ግን ቀልድ መሆኑ አይገባውም።

ሚስቱ ደግሞ ሃያ ስምንት ዓመት ፖስታ ቤት ጥቅል ስትመዝን የኖረች ናት። የአገሩን ከተሞች ሁሉ በማኅተም ታውቃቸዋለች፣ በዓይኗ ግን አንዱንም አላየችም። እራት ላይ የምታወራው ስለ እነሱ ነበር። ያ ከተማ ጫማ አዝዞ ሁልጊዜ ይመልሳል፣ እግራቸው ምን ቢሆን ነው? የዚያኛው ጥቅል በሙሉ ሳሙና ሳሙና ይሸታል። አንደኛው ከተማ መድኃኒት ብቻ ነው የሚላክለት፣ ሰው ሁሉ ታሞ ይሆን እንዴ? ጡረታ እንደወጣች አሥራ አንድ ከተሞች በአንድ ወረቀት ላይ ጻፈች፤ የመጨረሻው ባሕሩ ጠረፍ ላይ ያለው ነው። ከዚያ ሄዳ ሁለት ትኬት ቆረጠች፣ ጎን ለጎን።

ቀዩ መኪና አይስማማውም። ሩብ ሰዓት ከሄደ ሆዱ ይገለበጣል። ኮሌታውን ሳይተኩስ ከቤት የማይወጣ ሰው ነውና፣ ላስቲክ ይዞ በሰው ፊት ሲያስመልስ መታየትን ከሞት አስበልጦ ይፈራዋል። ይህንን ለማንም ነግሮ አያውቅም፤ ሁልጊዜም ወደ ሥራው በእግሩ የሚሄደው ለጤናው እንደሆነ ነው የሚያወራው። ለሚስቱ የሰጣት ሰበብ የመማሪያ መጽሐፍ ለእርማት ገብቷል፣ ያለእኔ አይሆንም የሚል ነበር። እሷም አልተከራከረችም፤ ጣቢያ ድረስ እንኳ ሸኘኝ አለችው።

ሸኛት። ሻንጣዋን ሰቀለላት፣ አውቶቡሱ እስኪሞላም አጠገቧ ተቀመጠ። ሾፌሩ ሞተሩን ሲያስነሳ፣ የናፍታው ሽታ ሲመጣ፣ መልካም መንገድ ብሏት ወረደ። አውቶቡሱ ሲዞር ቀና ብሎ አያት። በተወው ወንበር ላይ ሰው እንዳይቀመጥበት ቦርሳዋን አስቀምጣበታለች።

በአሥራ ስድስተኛው ቀን አፍንጫዋ በፀሐይ ተልጦ ተመለሰችና መጽሐፍ ልጽፍ ነው አለችው።

ሳቀ። እሷ ግን አልሳቀችም። ባለ ካሬ ደብተር ገዛች፤ ትኬቶቿንና ደረሰኞቿን በአንድ ፖስታ አድርጋ በየቀኑ ከምሳ በኋላ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ትዘረጋቸዋለች። የመጀመሪያው ረቂቅ የጥቅል መላኪያ ቅጽ ይመስል ነበር፦ ቀን፣ ሰዓት፣ የመንገዱ ርዝመት፣ የሻንጣው ክብደት። ራሷም አልወደደችውም። የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር አሥራ አንድ ጊዜ ጽፋ አሥራ አንድ ጊዜ ቀደደችው። እንዴት ነው የሚጀመረው ብላ ጠየቀችው። ከመነሻው ጀምሪያ አላት። መነሻው የቱ እንደሆነ እኮ ነው ያጣሁት አለችው። ያየችውን ስትጽፈው ያየችውን እንደማይመስል፣ ያንን ሁሉ መንገድ ብቻዋን ሄዳ ስትጽፈው ደግሞ የበለጠ ብቻዋን እንደምትሆን ነገረችው። እሱ በዚያ ሰዓት የእርማት ወረቀት ይዞ ነበር። እህ፣ አለ።

ከዚያ አንድ ቀን እጇ ተፈታ። ጠረጴዛው ላይ ጎንበስ ብላ ትጽፋለች፣ ብቻዋን ትስቃለች፣ ቀና ብላ ታየዋለች፣ ደግሞ ትጽፋለች። ለምን እንደምታየው አልጠየቃትም። አምስት ምዕራፍ ስትጨርስ ደብተሩን እንደ ስጦታ በሁለት እጇ ሰጠችው።

ቀዩ እስክሪብቶውን ከደረት ኪሱ አወጣ። በሁለተኛው ገጽ ላይ እንዲህ የሚል አገኘ፦ «ሞተሩ ተነሳ። ባለቤቴ መስኮቱን ሊከፍትልኝ ታገለ፤ እምቢ ሲለው ጫማውን አውልቆ በተረከዙ መታው።» ቆም አለ። ሁለቱን ዓረፍተ ነገሮች እየተመለሰ አያቸው፤ የፊደል ስህተት የለባቸውም። ሆኖም ከ«ባለቤቴ» ጀምሮ በቀጭኑ ሰረዘና ጠርዙ ላይ ጻፈ፦ «እዚህ ላይ ወርጃለሁ። ይስተካከል።»

በየገጹ እየተከታተለ ሰረዘው። ብርቱካን የሚልጠውን ሰረዘ። ኮቱን ለትራስ ያጠፈላትን ሰረዘ። ከሾፌሩ ጋር የተሟገተውን ሰረዘ። መጀመሪያ መጀመሪያ «አልነበርኩም» እያለ ይጽፍ ነበር፤ እጁ ሲደክመው «ሐሰት» ብቻ ማለት ጀመረ። አርባ ሦስት ቦታ። ሲጨርስ ጥሩ ሥራ እንደሠራ ሰው ተንጠራራ።

እሷ ደብተሩን ቀስ ብላ ገለጠች፣ እስከ መጨረሻው። «ቀለሙ በቃህ?» አለችው።

«የጉዞ ማስታወሻ እኮ ነው» አላት። «ያልሆነ ነገር አይጻፍበትም።»

«አይጻፍበትም» አለች እሷም። ከዚያ ቅዳሜ ጀምሮ ክበቡ ለምን አታነቢልንም ሲላት፣ እርማት ላይ ነው እያለች ባዶ እጇን ትሄድ ነበር። ይህንንም ዛሬ ከነርሷ ነው የሰማው።

በአራተኛው ቀን የማተሚያ ቤቱ ሥራ አስኪያጅ ጥቁር ልብስ ለብሶ መጣ። ቡናውን ፉት ብሎ፣ ሐዘንተኛውን ለማጽናናት ያመጣውን ሐሳብ በሰው ሁሉ ፊት ተናገረ። ሟቿ የጻፈችውን መጽሐፍ እንደ ሰማ፣ ሰኞ አንደኛው ማሽን ባዶ እንደሆነ፣ ሁለት መቶ ቅጂ በድርጅቱ ስም አትሞ ሐዘኑ ሲዘጋ ለእንግዶቹ እንደሚያድል ነገራቸው። ሰው ሁሉ መረቀው። ነርሷ ዛሬም መጥታ ነበርና አለቀሰች።

«ጋሽ ቀዩ፣ እርስዎ ያረሙት ከሆነ እኛ ዓይናችንን ጨፍነን ነው የምናትመው» አለ ሥራ አስኪያጁ። «ሰኞ ጠዋት ሰው እልካለሁ።»

ቀዩ እሺ አለ። ሌላ ምን ይበል? እንዳረመው ቢሰጥ፣ ነርሷና ሽማግሌው መጽሐፉን ከፍተው የወደዱትን ሰው ያጡታል፤ እሱም እስከ ዛሬ አንገቱን የነቀነቀው ውሸት ይሆናል። የሰረዘውን መልሶ ቢሰጥ ደግሞ፣ ሚስቱ ከሞተች በኋላ በሷ እጅ ራሱን ደግ ባል ማድረጉ ነው። ሆድ ይፍጀው ብሎ እንዳይተወው ሰኞ ቀርቧል። በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ አንድ ወረቀት ፊት ለፊቱ ተቀምጦ ምን እንደሚያደርገው ሳያውቅ ሲቀር ይህ የመጀመሪያው ነው።

ወጥ ቤት ሲገባ የሚስቱ እህት ስኒ ታጥባለች። ልጅነቷን እነሱ ቤት ነው ያሳለፈችው፤ ተቆጥታው አታውቅም። ዛሬ ውሃውን ዘጋችና ዞረች።

«ጋሼ፣ ለነዚያ ሰዎች አልሄድኩም ማለት አቃተህ?»

«ምን ብዬ ልንገራቸው?»

«አሁን ደግሞ ታትሞ ሊወጣ ነው። ሰው ሁሉ አንብቦ እንዲህ ያለ ባል ነበራት ይበልህ?»

«እንግዲያው ተሰርዞ ይውጣ?»

ደብተሩን ከማንኪያው መሳቢያ አውጥቶ ከፈተላት። ሚስቱ እዚያ ነበር ያስቀመጠችው። እህትየው እጇን ቀሚሷ ላይ ጠርጋ አንድ ገጽ አየች፣ ሌላ ገጽ አየች። ያንን ሁሉ ቀይ ስታይ ክደነው አለችው። ከዚያ ለሱ ሳይሆን ለመታጠቢያው ገንዳ የምትናገር መስላ ተናገረች።

«እሱ ካልመጣ ወንበሩን ለእኔ ስጪኝ፣ አብሬሽ ልሂድ ብያት ነበር። ወንበሩ የእሱ ነው አለችኝ። አስበው ጋሼ፣ በባዶ ወንበር ቀናሁ።»

ቀዩ ስኒዎቹን አንድ በአንድ እያነሳ ማድረቅ ጀመረ፤ አንዱን ሁለት ጊዜ አደረቀው።

እሑድ ረፋዱ ላይ እንግዳ ከመብዛቱ በፊት ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ፣ በሷ ወንበር ተቀመጠና ደብተሩን ከመጀመሪያው ጀመረ። ከሳሎን የወንበር መንኳኳትና የሹክሹክታ ድምፅ ይመጣል። እስክሪብቶውን አላወጣም። በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ ፊደሉን ትቶ ነገሩን አነበበ።

ሦስተኛው ምዕራፍ ላይ የሾፌሩ ጠብ መጣ። የጠቡን ምክንያት አያስታውሰውም፤ ሲሰርዘው አላነበበውማ። አሁን አነበበው፦ «ከፊታችን ኮሌታው የተተኮሰ አንድ ጎልማሳ ተቀምጦ ነበር። መኪናው ያጥወለውለዋል። ሰው እንዳያየው አንገቱን ደፍቶ ጥርሱን ነክሶ ይታገላል። ባለቤቴ ተነስቶ ሾፌሩን አቁም አለው፤ አላቆምም ሲል ተጣላው። ካቆመ በኋላ ሰውየውን ደግፎ አወረደው፣ ላስቲኩንም ያዘለት። አይዞህ፣ ይሄ የሚያሳፍር ነገር አይደለም፤ ሚስትህ ብትሆን እንኳ አትንቅህም አለው።»

በላዩ ላይ ቀጭን ቀይ መስመር አለ፤ ጠርዙ ላይ በራሱ እጅ «ሐሰት» ተብሏል።

ታውቅ ነበር። የመማሪያ መጽሐፉን ሰበብ ስትሰማ ታውቅ ነበር፤ ጣቢያ ድረስ ሸኘኝ ስትለውም፣ ሲወርድም ታውቅ ነበር። ሁለት ሰው አድርጋ ጽፋዋለች፦ የሚያፍረውንና የሚደግፈውን። ጽፋም በሁለት እጇ ሰጥታዋለች። እሱ ሁለቱንም በአንድ መስመር ሰርዞ መለሰላት። ሊጠራት አፉን ከፈተ፣ እንደ ድሮው፣ ከወዲያ ክፍል ያለች ያህል። ከወዲያ ግን ማንም አልነበረም።

ለአዳዲስ አራሚዎች የሚያስተምራት አንዲት ሕግ ነበረችው፦ ስህተት ከሆነ አርም፣ የጸሐፊው ፈቃድ ከሆነ ተው። በማተሚያ ቤት የጠበቃትን ሕግ በቤቱ አፈረሳት።

እስክሪብቶውን አወጣ። ሁለተኛው ገጽ ላይ ተመልሶ ከ«ባለቤቴ» ሥር የመጀመሪያዋን ነጥብ አሳረፈ፤ እጁ ስለማያውቃት ወፈረች። ቀጥሎ ሌላ፣ ቀጥሎ ሌላ፣ እስከ መስመሩ ጫፍ። ጠርዙ ላይ ያለውን «እዚህ ላይ ወርጃለሁ» ሰረዘው። አውቶቡሱ ጉዞውን ቀጠለ፤ መስኮቱ ተከፈተ፣ ብርቱካኑ ተላጠ፣ ኮቱ ታጠፈ። አርባ ሦስቱንም አንድ በአንድ መለሰ። የሚስቱ እህት ፔርሙስ ልትሞላ ገብታ አየችው። ስኒ ቡና አጠገቡ አስቀምጣ ወጣች።

ከስድስተኛው ምዕራፍ ጀምሮ ደብተሩ ስርዝ የለበትም። እሱ ካረመላት በኋላ የጻፈችው ነው። ሕንፃዎቹ ቁመታቸው በትክክል ተጽፏል፣ የአውቶቡሱ መነሻ ሰዓት በትክክል ተጽፏል። እነዚህን ምዕራፎች ስትሰጠው በአንድ ቁጭታ ጨርሶ «አሁን ገና መጽሐፍ ሆነ፤ ምንም ስህተት የለበትም» ያላትን ያስታውሳል። «አዎ» ነበር ያለችው፣ ደብተሩን መሳቢያው ውስጥ እያስገባች፤ «አሁን ማንም የለበትም።» ከሁለት ወር በኋላ ልቧ ቆመ።

ዘጠነኛው ምዕራፍ ባሕሩ ነው። ገጽ ተኩል ብቻ ነው። የውሃውን ቀለም ጽፋለች፣ ነፋሱን ጽፋለች። መጨረሻው እንዲህ ይላል፦ «ጠረፉ ላይ ሁለት ወንበር ነበር። በአንዱ ተቀመጥኩ።» ከሥሩ በቀይ «ጥሩ» ብሎላታል።

ስርዝ ፈለገ። ገጹን ወደ ብርሃኑ አዘንብሎ አየው፣ ቀጣዩን ገለጠ፣ ተመልሶ መጣ። የተሰረዘ የለም። የሚመለስ የለም። በሁለተኛው ወንበር ምን ሊሆን እንደነበረ የምታውቀው እሷ ነበረች፤ አራሚ ደግሞ ከራሱ አይጨምርም። ሳሎን ውስጥ ነርሷ ስለ ባሕሩ ለአንድ ሰው ስታወራ ይሰማዋል፤ አብረው ነው ያዩት ትላለች።

ባዶው ላይ ነጥብ ቢደረድር፣ ነገ ጠዋት የሚተይቡት ሴቶች ደውለው እዚህ የሚመለሰው ምንድን ነው ይሉታል። ያም ሆኖ «በአንዱ ተቀመጥኩ» ካለቀበት ቦታ ቀጥሎ ባለው ነጭ ወረቀት ላይ፣ ምንም ካልተጻፈበት ሥር፣ አንዲት ነጥብ አደረገ። ከአጠገቧ ሌላ፣ ከአጠገቧ ሌላ፣ እስከ ጠርዙ ድረስ።